ኳሱ ከመመታቱ በፊት

ካሜራውን ፋብሪካው የገዛው ለጠርሙስ ነበር። ከማሸጊያው ማሽን የሚወጡት የውሃ ጠርሙሶች አልፎ አልፎ ክዳናቸው ተንጋዶ ይገጠማል፤ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ሁሉም ነገር ደህና ነው። ማሽኑ ይሽከረከራል፣ ጠርሙሱ ያልፋል፣ ክዳኑ ይወርዳል፤ የቱ ጋ እንደሚበላሽ ማንም አያየውም። ካሜራው አንዷን ሰከንድ ከሺህ በላይ ቦታ ቆራርጦ ያሳያል። ሚጢ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች የተቀጠረችው እሱን እንድትይዝ ነው። ጠዋት ጠዋት ከኃይለኞቹ መብራቶች አጠገብ ቆማ ክዳኖች ሲወርዱ ትቀርጻለች፤ ከሰዓት በኋላ ጠባብ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ምስሎቹን አንድ በአንድ ትገልጣለች። ብዙ ማውራት የማይጠይቅ ሥራ ስለሆነ ወደደችው።

ሚጢ የቤት ስሟ ነው፤ አድጋም አልለቀቃትም። ሰፈሩ ግን የሚያውቃት የሙጫ እህት በመሆኗ ነበር። ሙጫ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ቀን ቀን ሴራሚክ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ይሠራል፣ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ የሰፈሩ ቡድን በረኛ ነው። ስሙ የወጣለት ኳስ እጁ ላይ ስለሚጣበቅ ነው። እናታቸው በዚህ አትስማማም፤ ስሙ የወጣለት ጠዋት ጠዋት ከአልጋው ስለማይላቀቅ ነው ትላለች።

ሙጫን ሙጫ ያደረገው ፍጹም ቅጣት ምት ነበር። መቺው ገና ሲንደረደር እሱ የሚሄድበትን ያውቃል። እንዴት እንደሚያውቅ ሲጠየቅ ትከሻውን ይሰብቅና "እንጃ፣ እዛ ጋ ትመጣለች ብዬ እሄዳለሁ፣ ትመጣለች" ይላል። ይህ ወሬ ሩቅ ሄደና አንድ ትልቅ ክለብ ለሙከራ ጠራው። ከተጠሩት በረኞች የሚወሰደው አንድ ብቻ ነው። ሙጫ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሌላ ጥሪ እንደማይመጣ ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን አልነበረም።

ሚጢ ለወንድሟ አንድ ነገር ልታደርግለት ፈለገች። ከሁለት ቀን ማመንታት በኋላ እራት ላይ ተናገረች።

"ልቅረጽህ?"

"በስልክ?"

"በፋብሪካው ካሜራ። ስትዘል በዝግታ እንዲታይ። ለክለቡም ማሳየት ትችላለህ።"

"ጠርሙስ መሰልኩሽ እንዴ?"

"ጠርሙስማ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንተ የት ታውቅበታለህ" አለች እናታቸው፣ ሳህኑን ወደ እሱ እየገፋች።

ኢንጂነሩ፣ የሚጢ አለቃ፣ ካሜራውን ለቅዳሜና እሁድ ፈቀደላት። "ብቻ አደራ፣ እሱ ከወደቀ እኔና አንቺም ተያይዘን ነው የምንወድቀው" አላት።

ካሜራው ብዙ ብርሃን ስለሚፈልግ የቀረጸችው እኩለ ቀን ላይ ነው። የቡድኑ ልጆች ከበቧት። "ሚጢ፣ እኔንም ቅረጪኝ፤ ይሄኛው ነው ቆንጆው ጎኔ" ይላል አንዱ። "አንተን በዝግታ ማየት ለሕፃናት ይከለከላል" ይመልሳል ሌላው። ፊቷ ቀላ፣ ጎንበስ ብላ የማቆሚያውን እግሮች አጠበቀች።

የዚህ ካሜራ አሠራር ከሌላው ይለያል፤ ቁልፉ የሚጫነው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ካሜራው ያለማቋረጥ ያያል፣ ያየውንም ያለማቋረጥ ይጥላል፤ ቁልፉ ሲጫን ብቻ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ያስቀራል። ስለዚህ ሚጢ ኳሱ ተመቶ፣ ወንድሟ ዘሎ፣ ልጆቹ "ኧረ ሙጫ!" ብለው እስኪጮሁ ድረስ ትጠብቅና ትጫናለች። መጀመሪያ ከመረቡ ኋላ ሆና ቀረጸች። ከዚያ ካሜራውን ከመቺው ጎን አዞረችና የወንድሟን ፊት ብቻ አቅርባ ያዘች። ይህን ያደረገችው ለእናቷ ብላ ነበር። ሲዘል ፊቱ ምን እንደሚመስል እናታቸው አይታ አታውቅም፤ ኳስ ሜዳ ሄዳም አታውቅም፣ ልቧ አይችልም።

ሰኞ ዕለት ክፍሏ ውስጥ ከፈተችው። ከኋላ የተቀረጸው እንዳሰበችው ነበር፤ ወንድሟ በአየር ላይ ተዘርግቶ፣ ጣቶቹ ኳሱን ሲነኩ የኳሱ ቆዳ ሲሰረጉድ ይታያል። ከዚያ የፊቱን ከፈተች። መቺው እግሩን ወደ ኋላ አነሳ። የሙጫ ዓይኖች የመቺው ወገብ ላይ ነበሩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ተከደኑ። የመቺው እግር ኳሱን ሲነካ ተከድነዋል። ኳሱ ተነስቶ ሲመጣ ተከድነዋል፤ ሰውነቱ ግን ቀድሞ ወደ ግራ እየሄደ ነው። ሽፋሽፍቶቹ የተገለጡት ኳሱ የመንገዱን ግማሽ ካለፈ በኋላ ነበር፤ ያኔ እጁ እዚያ ደርሷል። ሁለተኛውን ከፈተች። ሦስተኛውን። ሁሉም አንድ ነበሩ።

እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ክዳኖች ሲንጋደዱ ስታይ ስህተቱን ማግኘት ያስደስታታል፤ ይሄኛው ግን ስህተት አልነበረም። ወንድሟ ማወቅ ያለበትን ሁሉ ኳሱ ሳይመታ አውቆ ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ዓይን አያስፈልገውም።

ኢንጂነሩ በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብሎ አየ። "ይሄ ልጅ በእንቅልፉ ነው እንዴ የሚጫወተው?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። "አሳይተሽዋል?"

"ገና ነኝ።"

"እኔ ብሆን ይሄኛውን አላሳየውም። የኋላውን ስጪውና ይብቃው።"

ራሷን ነቀነቀች። በእርግጥም እንደዚያ ልታደርግ አስባ ነበር።

ማታ የኋላውን በላፕቶፕ ላይ ከፈተችላቸው። ሙጫ እንደ ልጅ ፈነደቀ። እናታቸው እጇን አፏ ላይ ጭና "ወገቡን እዩት፣ ይሄ ልጅ አጥንት የለውም እንዴ?" አለች። ሦስቴ ደገሙት። ከዚያ ሙጫ ወደ እህቱ ዞረ።

"ቆይ ሚጢ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እንዴት ነው የማውቀው?"

ሚጢን በዚያ ቤት ማንም ምንም ጠይቋት አያውቅም ማለት ይቻላል። እንግዳ ሲመጣ ሻይ ታቀርባለች፣ ወሬው ሲሞቅ ትሰማለች። አሁን ሁለቱም አፍ አፏን እያዩ ነበር፤ እሷም መልሱን ታውቀዋለች።

"ሌላም አለ" አለች።

ፊቱን ከፈተችው። ማብራሪያውንም በደንብ አዘጋጅታ ነበር፤ ስለ መቺው ወገብ፣ ሰውነት ከሐሳብ ቀድሞ ስለሚወስንበት ጊዜ፣ ይሄ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ። ሙጫ ግን ዓይኖቹ በተከደኑበት ቦታ ላይ "አቁሚው" አለ።

አቆመችው።

"ጨፍኛለሁ።"

"አዎ፣ ግን እሱ ነው እኮ የሚገርመው፣ አንተ ቀድመህ..."

"ሁሉም ላይ?"

"ሁሉም ላይ።"

"እና ዕድል ነው በይኛ።"

"አይደለም። እንደውም ተቃራኒው ነው።"

"በሕፃንነቱም እንዲህ ነበር፤ መድኃኒት ስሰጠው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚውጠው" አለች እናታቸው። እሷ ሳቀች፣ ሚጢም ሳቀች። ሙጫም ፈገግ አለ፤ ከማያ ገጹ ላይ ግን ዓይኑን አላነሳም።

በማግስቱ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆሞ አገኘችው። እጁን ወደ ፊቱ እየወረወረ ዓይኑን ላለማርገብገብ ይታገላል። "ነይ እስቲ፣ በዚህ ካልሲ ፊቴን ምቺኝ" አላት። "ተው እንጂ" አለችው። "ምቺኝ ስልሽ።" ኮሪደሩ ላይ ቆመው የተጠቀለለ ካልሲ ስትወረውርለት እናታቸው አልፋ "ሁለት ትልልቅ ሕፃናት አሉኝ" ብላ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን አይከድንም ነበር። ኮርቶ ነገራት።

ሜዳ ላይ ግን ኳሶች ማለፍ ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ብዙ። "ሙጫው ደረቀ" ይላሉ ልጆቹ፤ መጀመሪያ እየሳቁ፣ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አሰልጣኙ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያሠለጠነው ሽማግሌ፣ ሚጢ ከፋብሪካ ስትመለስ ሜዳው ዳር አስቆማት።

"ልጄ፣ ይሄን ልጅ ምን አገኘው? ሲዘል የነበረው ልጅ አሁን ቆሞ ይጠብቃል።"

"ምን ይጠብቃል ጋሼ?"

"እኔ ምን አውቄ። አንቺ ቀርጸሽዋል አሉ። ምን አሳየሽው?"

"እንቅስቃሴውን ነው" አለች። ሽማግሌው ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ተዋት፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

በሙከራው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሙጫ ጓንቱን ሲያጥብ አጠገቡ ተቀመጠች።

"እንደ ድሮህ ሁን" አለችው።

"እንደ ድሮዬ እንዴት ነበርኩ?"

እንዴት እንደነበረ አንድ በአንድ፣ ምስል በምስል ልትነግረው ትችላለች፤ ችግሩም እሱ ነው።

"ምናልባት እኮ ጸሐይዋ ዓይንህ ውስጥ ገብታ ይሆናል" አለች። ይህን ውሸት ቀኑን ሙሉ ስታሰላስለው ነበር የዋለችው። "እኩለ ቀን ነበር። ለዚያ ይሆናል የጨፈንከው።"

ሙጫ ጓንቱን ጨምቆ ገመድ ላይ ሰቀለው። "ጸሐይዋ ከኋላዬ ነበረች፣ ሚጢ" አለ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም።

ለሙከራው ፈቃድ ጠይቃ አብራው ሄደች። የክለቡ ሜዳ ሣሩ እኩል የታጨደ፣ መስመሮቹ በአዲስ ኖራ የተሰመሩ ነበር። በረኞቹ በየተራ ቆሙ። የሙጫ ተራ ሲደርስ ሚጢ በባዶ ዓይኗ ብዙ ማየት እንደማትችል ታውቅ ነበር፤ ይህን ግን ለማየት ካሜራ አላስፈለጋትም። መቺው ተንደረደረ። ወንድሟ ዓይኑን አፍጥጦ ቆመ፤ የመቺው እግር ኳሱን እስኪነካ ጠበቀ፣ ከዚያ ዘለለ። ወደ ትክክለኛው ጎን ነው የዘለለው። ኳሱ ከጣቶቹ ጫፍ አልፎ መረቡን ነፋው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም። ሁልጊዜ ወደ ትክክለኛው ጎን፣ ሁልጊዜ በጥቂቱ ዘግይቶ። አንዷን ብቻ አዳነ፤ እሷም ደረቱ ላይ የመጣች ነበረች። ሚጢ አጥሩን ይዛ "ጨፍን" አለች በልቧ። ጮክ ብላ ብትለው ምን እንደሚሆን አሰበች፤ ብዙ ሰው ነበር፣ ደግሞም ካሁን በኋላ ቢጨፍን እንኳ መጨፈኑን እያወቀ ነው የሚጨፍነው።

የክለቡ ሰዎች ተመካክረው አንድ ረጅም ወጣት ጠሩ። ሌሎቹን አመሰገኑ።

አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሙጫ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ በመስኮት ያያል።

"አየኋቸው እኮ" አለ ድንገት። "አንዷም አላመለጠችኝም። ከእግሩ ስትነሳ ጀምሮ መረቡ ውስጥ እስክትገባ አየኋቸው።"

"ይቅርታ" አለችው። የተዘጋጀ ንግግር ነበራት፤ የወጣው ግን እሱ ብቻ ሆነ።

"ምን አደረግሽ? የጠየቅኩሽ እኔ ነኝ።"

"ዝም ማለት እችል ነበር።"

"አንቺማ ዝም ማለት ትችያለሽ" ብሎ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። "መጀመሪያ ስታዪው ምን መሰለሽ? እውነቱን።"

"በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የሚያምር ነገር መሰለኝ።"

ሙጫ ጥቂት አሰበ። "እኔም አንቺ ባየሽበት ባየው ጥሩ ነበር" አለ። አውቶቡሱ ቆመ፤ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፤ አንዲት እናት ልጇን በመካከላቸው አስቀመጠችና ወሬው እዚያ ላይ ቀረ።

ቤት ሲደርሱ እናታቸው በር ላይ ነበረች። ሙጫ ጉንጯን ስሞ "ጥሩ ነበር እማዬ" አለና ወደ ክፍሉ አለፈ። እናታቸው ከኋላው አየችው፤ ከዚያ ወደ ሚጢ ዞረች።

"እሱ ለእኔ ብሎ ነው። አንቺ ንገሪኝ እስቲ፤ አንቺ ያየሽውን ነው የምትናገሪው።"

ሚጢ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለች። ማሰሪያው አልተቋጠረም ነበር፤ ቢሆንም ጣቶቿን እዚያ ላይ አቆየቻቸው። ከወንድሟ ክፍል ምንም ድምፅ አይሰማም፤ ቆሞ እየሰማ እንደሆነ ገባት።

"በጣም ጥሩ ነበር" አለች ቀና ብላ። "ከሁሉም ይሻል ነበር። እነሱ ግን ልጅ ነው የሚፈልጉት። ዕድሜውን አይተው ነው የተዉት።"

"ዕድሜ" አለች እናታቸው በምሬት። "ዓይን የላቸውም እንዴ?"

"የላቸውም" አለች ሚጢ።

እናትየው እየተነጫነጨች ወደ ወጥ ቤት ገባች። ትንሽ ቆይቶ የወንድሟ በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማች። ሚጢ ጫማዋን እጇ ላይ እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆመች፤ ይህን ያህል አሳምራ መዋሸት ከቻለች፣ ፊቱን የከፈተችለት ዕለት ማታ ምን ነክቷት ነበር?