የቁራ መልእክተኛ

ስጦታው የሚባለውን ሰው የሰደቡት አለቃ አካለ ወልድ ናቸው፤ የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት፣ ግንቦት ሁለት ቀን፣ ሞጣ፣ ለቅሶ ድንኳኑ በሰው ጢም ብሎ ሳለ። ቀድሞ የሳቀው ጎረቤቱ ፍቅረ ሥላሴ ነበር። ይህን ሁሉ ስጦታው እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቱ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ሲያጣጥሩ "የነፍስ አባቴን ጥሩልኝ" አሉ። ቄሱ ለተዝካር ብቸና ሄደው ነበርና የሚስቱ አጎት አለቃ አካለ ወልድ እሱን ላኩት። ብቸና ሲደርስ ቄሱ ወደ የጁቤ አልፈዋል። እግሩ እስኪላጥ ተከተላቸው። በሦስተኛው ቀን ይዟቸው ሲመለስ አማቱ ሳይናዘዙ ተቀብረዋል።

"የቁራ መልእክተኛ!" አሉ አለቃ። "የኖኅን ቁራ ያስቀረው ሬሳ ነው፤ አንተን ያስቀረህ ደግሞ ጠላ!"

ለቅሶኛው አፉን በነጠላው ሸፍኖ ሳቀ። "ምን አቆየህ?" ያለው አንድ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ስሙ "ቁራው" ሆኖ ቀረ፤ እሱም ብቸና ገብቶ ጆንያ እየሰፋ ኖረ። ቂምም እንደ ጆንያ ነው፣ ትከሻ ይበላል።

ዘንድሮ ልጁ ሰገነት "አባዬ፣ የልጄን ክርስትና ሳታይ እንዳትቀር" ብላ ጠራችው። አለቃም እዚያ እንደሚገኙ ያውቃል። ለስድባቸው መልስ ይዟል፦ "ኤልያስን በረሃብ ዘመን የመገበውስ ማን ነበር?" ቅኔ ቤት የቆየው ሁለት ክረምት ብቻ ነውና ይህቺን ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶበታል።

የተሳፈረበት የሞጣ ሚኒባስ ደብረ ወርቅን አለፍ እንዳለ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ጎማውን ሊያስጠግን ወደ ከተማ ተመለሰ። ስጦታው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የስንቁን ዳቦ ፈታ። አንዴ እንኳ ሳይጎርስ አንድ ቁራ ጉልበቱ ሥር ዱብ አለ። መንቁሩ መጥረቢያ ያህላል፤ ማጅራቱ ላይ እንደ ካህን ጥምጣም ነጭ አለበት። ቁራሹን ከእጁ መንጭቆ እዚያው አጠገቡ ቆሞ ዋጠው። አልሸሸም።

"ጋሼ፣" አለች ሳቢራ የምትባል የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ተሳፋሪ ናት፤ "ቁራ እንዲህ የሚጠጋው ዘመዱን ነው!"

ቅጽል ስሙን አታውቅም። ቢሆንም ወጋችው።

"ኤልያስን መግቦ የኔን ይነጥቃል" ሲል አጉረመረመ። ቁራው አንገቱን ዘመም አድርጎ ባንድ ዓይኑ አየው። እንዲያ ቀርቦ፣ ሳይስቅ፣ ያየው ፍጡር ከነበረ ቆይቷል። ሌላ ቁራሽ ዘረጋለት፤ ወፉ መዳፉን ሳይነካ አነሳት።

"አንተንስ" አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ምን አቆየህ ያለህ አለ?"

ቁራው አንዴ ጮሆ ወደ ገደሉ በረረ።

ሞጣ ሲደርስ ክርስትናው አልቆ፣ ምሳው ተበልቶ ነበር። ሰገነትን አቅፎ፣ የልጅ ልጁን ስሞ ቀና ሲል አለቃ ዳሱ ውስጥ ከፊት ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ፈዟል፤ ምላሳቸው ግን እንዳለ ነው።

"ቁራው! መጣህ?" አሉ ጮክ ብለው። "ዛሬስ ምን አቆየህ?"

ዳሱ ሳቀ። ከሳቁት ግማሾቹ ወለተ ገብርኤልን እንኳ አያውቋቸውም። አሥራ ሦስት ዓመት የጠበቃት ጥያቄ መጣችለት፤ ያውም ለፈነዳ ጎማ። የኤልያስ ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ሰውም መልሱን ሊሰማ ወደ እሱ ዞረ።

ስጦታው ከስንቁ የተረፈችውን ዳቦ ለዚያ ለገደሉ ቁራ በጨርቁ ቋጠረ፤ ዱላውን አነሳና ጎንበስ ብሎ ከዳሱ ወጣ።