ሰባቱ የንቅሳት መርፌዎች

«ደሙን ትፊና መልሰሽ ክፈቺ» አለች ሐረግወይን።

ድርቤ ጣሳው ላይ ጎንበስ ብላ ተፋች። ምራቅ፣ ደምና ጥላሸት ተቀላቅሎ ከታችኛው ከንፈሯ እንደ ክር ተንጠለጠለ፤ አልበጠስም አለ። ሐረግወይን ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ሃያ ዓመት የሴቶችን ድድ ስትነቅስ ኖራ ይህን ትፋት ማየት ግን አልለመደችም። ከጧት ጀምሮ እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥባለች፤ አሁንም ደገመች። ነጠላዋ ላይ አንዲት ነጥብ የለችም። ጧት ከነቀምት በአውቶቡስ ስትመጣ ዶሮ የታቀፈ ሰው አጠገቧ ቢቀመጥ ተነሥታ እስከ ሲሬ ድረስ ቆማ የመጣች ሴት ናት።

የድርቤ ሠርግ እሑድ ነው፤ ዛሬ ዓርብ። የላይኛው ድዷ የቀኙ ግማሽ ተነቅሶ አብጧል፤ ግራው ገና ነው። የሐረግወይን መሣሪያ በክር አንድ ላይ የታሰሩ ሰባት የልብስ መርፌዎች ናቸው። ክሩ ሲርስ ይላላል፣ ጫፎቹም ይበታተናሉ። ያን ጊዜ መርፌዎቹን በከንፈሮቿ መካከል ጨምቃ ጫፋቸውን ታስተካክልና ከኩራዝ በተጠራቀመው ጥላሸት ውስጥ ትነክራቸዋለች። እናቷም እንዲህ ነበር የምትሠራው።

«የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንገቷን እንዳትነቀስ ብለዋል» አለች የድርቤ እናት በቀለች፣ የልጇን ራስ ከኋላ እንደያዘች። «ስለ ድድ ግን ያሉት ነገር የለም። ማንስ ያየዋል?»

«ስትስቅ ይታያላ።»

«ሙሽራ ምን ያስቃታል?»

ድርቤ ሳቀች፤ ደሙ አገጯ ላይ ወረደ። ሐረግወይን ጨርቁን ጫፉን ብቻ ይዛ አቀበለቻት።

«አካም ቡልተን» ሲል ሰላምታ ሰጠ ከደጃፉ የደከመ ድምፅ።

ኢትዮጵያ ናት፤ በጥር የተዳረች የጎረቤት ምራት። የዓይኗ ነጩ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ክንዷ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰችበት ቁስል መግል ቋጥሮ ዝንብ ያንዣብብበታል። ሐረግወይን መርፌዎቿን ወደ ጉያዋ ሰበሰበች።

«እዚያው ሁኚ። ከደጅ ሆነሽ አውሪ።»

«እሺ» አለች ኢትዮጵያ፤ የበሩን መቃን ተደግፋ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«ሲምቢራ ሀልካኒ ነው፤ የሌሊት ወፍ በሽታ» አለች በቀለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የአማቷ ቤት ጣራ በሌሊት ወፍ ተሞልቷል። ምግብ ላይ ይሸናል። የወፍ በሽታ ይዟት ይኸው አንድ ወር ሆናት፤ ቢተኩሷትም አለቀቃት።»

«ምግብ አይከድኑም እንዴ?» አለች ሐረግወይን። ጣራው፣ ኩሱ፣ ያልተከደነው ድስት ሁሉ ታያት። «ሰው እንዴት ሌሊት ወፍ የሸናበትን ይበላል?»

«እንከድናለን እትዬ» አለች ኢትዮጵያ። «ሐኪሙም ወፍ አይደለም አለ። አሁን ወደዚህ ይመጣል። እርስዎ እዚህ መሆንዎን ነግሬዋለሁ።»

«እኔ ምን አገባኝ?»

«ድዳችንን አየ። የታመምነውን የስድስታችንንም።»

ሐረግወይን የኢትዮጵያን አፍ አየች። በታኅሣሥ የነቀሰችው ድድ ጠቁሮ አምሯል፤ በቢጫው ፊት ላይ ጤነኛ የሚመስለው እሱ ብቻ ነው።

ነመራ ክንዱ ሥር መዝገብ ይዞ መጣ። ሲሬ ክሊኒክ የተመደበ ወጣት ድሬሰር ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፤ ሰው ግን ሐኪም ይለዋል። ሰላምታ ሰጥቶ በርጩማ እስኪቀርብለት ቆመ።

«እትዬ ሐረግወይን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር።»

«ስለ ወፍ ከሆነ የእነዚህን ጣራ ጠይቅ። ስለ ውሃም ከሆነ ከብት ከሚረግጠው ምንጭ ነው የሚቀዱት። እኔ በሳሙና ነው የምታጠብ።»

«ስለ ውሃው እውነትዎን ነው» አለ ነመራ። «አምና የተማሪ ቤት ልጆች ቢጫ ሆነው የነበረው ከዚያ ምንጭ ነው። የታመመ ሰው ዓይነ ምድር ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ይጠጣዋል። እነሱ ግን ወር ሳይሞላቸው ድነው ኳስ ተጫወቱ። እነዚህ ስድስት ሴቶች ከአንድ ቦታ አይቀዱም። አንዷ ከጉድጓድ፣ አንዷ ከወንዝ፣ አንዷማ ከአርጆ ከመጣች ሳምንቷ ነው። የሚያገናኛቸው ድዳቸው ብቻ ነው።»

«ቢጫው ያው አይደል እንዴ ኦቦ ነመራ?» አለች በቀለች።

«ቢጫው ያው ነው፣ አዴ በቀለች። ሁለቱም ጉበትን ነው የሚይዙት። አንዱ በአፍ ይገባል፤ ይሄኛው በደም። በደም የሚገባው ወራት ተደብቆ ይቆያል። ብዙው ሰው ይድናል። የማይለቀው ሰው አለ፤ ከዓመታት በኋላ ጉበቱ ይደርቃል፣ ሆዱ ውሃ ይቋጥራል። ደግሞ ምንም ሳያመው በደሙ ይዞት የሚዞር አለ። ያ ሰው ራሱም አያውቅ።» ወደ ሐረግወይን ዞረ። «አሠራርዎን ቢያሳዩኝ?»

«ምን የሚያሳይ ነገር አለው?»

ቢሆንም አሳየችው። ልታሳፍረው ፈልጋ ነበር። መርፌዎቹን ከጉያዋ አወጣች፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠረገች፣ ለረጅም ዓመት እንዳደረገችው ሁሉ ወደ አፏ አስገብታ በከንፈሯ ጨመቀችና ወደ ጥላሸቱ ዘረጋች።

ቀና ስትል የነመራን ፊት አየች። አፍንጫው ተሸብሽቧል፣ ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ተስቧል፤ ሊደብቀው እየሞከረ ነበር። ያን ፊት ታውቀዋለች። ዛሬ ጧት አውቶቡስ ላይ ዶሮ ለታቀፈው ሰው፣ አሁን ደግሞ ለኢትዮጵያ ያሳየችው የራሷ ፊት ነው።

ምላሷ ላይ የጨው ጣዕም ነበረ። ሁልጊዜም አለ፤ የጥላሸቱ ይመስላት ነበር።

«መርፌዎቹ ከታኅሣሥ ጀምሮ እነዚሁ ናቸው?» አለ ነመራ።

«ካልዛጉ ለምን እለውጣለሁ?» አለች፤ ድምፅዋ ግን ቀጥኖ ነበር።

ድርቤ አፏን በእጇ ሸፈነች። «እኔስ?»

ነመራ ወደ እሷ ዞረ። «ላይዝሽ ይችላል» አለ። «እስከ መስከረም ዓይንሽን እያየን እንቆያለን። አሁን ግን ይቁም።»

«እንዴት ይቁም?» በቀለች ተነሣች። «ግማሽ ድድ ይዛ ልትዳር ነው? የወንዱ ወገን መሳቂያ ያደርጋታል። ሐረግወይን፣ ጨርሺላት። የገባው እንደሆነ ገብቷል።»

ሐረግወይን ጣሳውን አየችው። ውስጡ ያለው ያ ቀይና ጥቁር ነገር በሃያ ዓመት ውስጥ በጠብታ በጠብታ ወደ እሷም አፍ ሲገባ ኖሯል። የሲሬ፣ የአርጆ፣ የነቀምት ሴቶች ሁሉ። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣችና ከቤቱ ጀርባ ግድግዳውን ይዛ አስታወከች። ነጠላዋ ተበላሸ።

ቀና ስትል ኢትዮጵያ ማንቆርቆሪያ ይዛ አጠገቧ ቆማ ነበር። መግል የቋጠረው ክንድ ከዓይኗ ሥር ነው፤ ይሸታል። ሐረግወይን ፊቷን አዞረች። መዳፎቿን ግን አገጣጥማ ዘረጋች፤ ኢትዮጵያ አፈሰሰችላት፣ እሷም አፏን ተጉመጠመጠች።

«ይቅለልዎ እትዬ» አለች ኢትዮጵያ። «እኔም ጧት ጧት እንደዚሁ ነኝ። ይለመዳል።»

«አይለመድም» አለች ሐረግወይን።

ሲመለሱ ነመራ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጠበቃቸው። በገጹ ራስ ላይ «ሚያዝያ 1961 ዓ.ም.» ብሎ ጽፏል።

«ከታኅሣሥ ወዲህ የነቀሷቸውን ሁሉ ስም እፈልጋለሁ። ያልታመሙትንም። ሄጄ ካላየኋቸው፣ አንዷ ያረገዘች ብትኖር…» አልጨረሰውም።

«ስሞቹን ከሰጠሽው» አለች በቀለች፣ «ከእንግዲህ አንዲት ሴት አፏን አትከፍትልሽም።»

ሐረግወይን ይህን ማንም ሊነግራት አያስፈልግም ነበር። ቅዳሜ ነቀምት ገበያ ውስጥ ምን እንደሚሏት፣ ማን ዕቃዋን እንደማይነካ፣ ማን በርጩማውን ከእሷ እንደሚያርቅ ታውቃለች። እሷም እንዲሁ ስለምታደርግ። ሰባቱን መርፌዎች ከነክራቸው አንሥታ ጥላሸቱ ውስጥ ጣለችና ጣሳውን በላዩ ደፋችበት። ድርቤ አሁንም አፏን እንደያዘች ነበር፤ ሐረግወይን ዓይኗን ልታያት አልቻለችም።

የቀረው መቀመጫ ደጃፉ ላይ ኢትዮጵያ የተቀመጠችበት ድንጋይ ነው። ሄዳ ትከሻዋ እስኪነካት ድረስ ተጠግታት ተቀመጠች።

«ጻፍ» አለች።

«የመጀመሪያዋ ማን ናት?»

«ሐረግወይን ተክለጻድቅ።»

ነመራ ቀና ብሎ አያትና ጻፈ። ማንበብ አትችልም፤ አባቷ ግን ስሟ የሚጀምርበትን ፊደል በልጅነቷ አመድ ላይ ጽፎ አሳይቷት ነበር። አንገቷን አስግጋ መዝገቡን አየች።

«እሱ አይደለም» አለች። «በሐመሩ ሐ ነው። ሰርዝና አስተካክል።»

እስኪያስተካክል ጠበቀችና ሁለተኛዋን ነገረችው።