የማይመልስ ወጪ

የዕድሩ ሊቀመንበር ኦቦ ደረሳ መዝገቡን ገልጠው ጣታቸውን በስሞቹ ላይ አወረዱና «በርናባስ» የሚለው ላይ ቆሙ።

«አዴ ኬኔ፣ አራት ወር አልተከፈለም» አሉ።

«በየወሩ መቶ ብሩን ለሊሊሴ ሰጥቻለሁ። እሷ ለሽብሩ ትሰጠዋለች።»

የኬኔ ድምፅ ከለቅሶ ብዛት ሻክሯል። ባሏ በርናባስ ሌሊት ነው ያረፈው። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ግቢያቸው ውስጥ ግን ገና አንድ ወንበር አልገባም።

ገንዘብ ሰብሳቢው ሽብሩ የዕድሩን ቢሮ በር ተደግፎ ቆሟል። «ልጅቷ በኋላ አንድ ላይ እንከፍላለን ስትለኝ ነበር» አለ።

«ልጄ ላይ አታላክክ። በልተኸዋል።»

ሊሊሴ ከእናቷ አጠገብ ቆማ ሁሉንም ትሰማለች። ከሌሊት ጀምሮ ግን ውስጧ ደንዝዟል፤ ማልቀስ እንኳ አልመጣላትም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። መምህርት ሔለን ስለ ገንዘብ አያያዝ ስታስተምር የቤታችሁን ወጪ ጻፉ፣ ምንም የማይመልሰውን ቁረጡ ብላ ነበር። ሊሊሴም ጻፈች፦ ጤፍ፣ ኪራይ፣ አሥራት፣ ዕድር። አሥራትን መንካት ፈራች። ዕድሩን ቆረጠችው፤ አባቷ ያኔ እንጨት ቤት ውሎ የሚገባ፣ ጉንፋን እንኳ የማያውቅ ሰው ነበር። መቶ መቶውን በስሟ ባንክ አስገባች፤ ዓመቱ ሲያልቅ እናቷን ልታስደስት አስባ። ከሃያ ሃያ አገኘች፣ ክፍሉም አጨበጨበላት። ዕድር ምን ይሠራል ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ኦቦ ደረሳ መነጽራቸውን አወለቁ። «ደንቡ ሦስት ወር ያሳለፈን ይሰርዛል። ድንኳንም፣ ቀባሪም አይወጣም። ገንዘቡን ሽብሩ በልቶት ከሆነ ግን ጥፋቱ የእኛ ነው። ድንኳኑ አሁኑኑ ይወጣል፣ እሱ ይባረራል።» ወደ ሊሊሴ ዞሩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰጥተሽዋል?»

ኬኔ የልጇን ክንድ ያዘች። ሽብሩ መሬት መሬት ያያል፤ ሦስት ልጆች አሉት፣ ከዚህ ሌላ ሥራም የለውም። አንድ «አዎ» አባቷን በወጉ ያስቀብራል። ይህ ለሊሊሴ በደንብ ገብቷታል፤ ሒሳብ ትችላለች።

«አልሰጠሁትም» አለች። «ባንክ ነው ያለው።»