የማይጠጣው ልጅ

ሹፌሩ የመጀመሪያውን ፖስተር ያየው ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ባለው ፌርማታ ላይ ነው። አውቶቡሱን አቁሞ፣ በሮቹን ከፍቶ፣ ወራጁ እስኪወርድ በጎን መስታወት ሲከታተል የገዛ ልጁ ከመጠለያው ግድግዳ ላይ አፈጠጠበት። ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠምጥሟል፤ ግራ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል። ከፊቱ ሥር በትልልቅ ቀይ ፊደል «ሲጠጣ ጀግና ነበር» ይላል። ወረድ ብሎ በደቃቁ፣ ወጣቶችን ከመጠጥና ከድብድብ ለማራቅ በተዘጋጀ የፖስተር ውድድር አንደኛ የወጣ ሥራ መሆኑ ተጽፏል። ጥጉ ላይ ደግሞ ውድድሩን የደገፈው የቢራ ፋብሪካ ዓርማ አለ።

ዓይኑን አላመነም።

«ጋሼ፣ በሩን ይዝጉት እንጂ፤ ሰው እየጮኸ ነው» አለችው ቲኬት ቆራጯ።

ዘግቶ ተነሣ። ቀጣዩ ፌርማታ ላይም ልጁ አለ። ትምህርት ቤቱ ጋም አለ። ድልድዩ ሥርማ ጭራሽ ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን ተለጥፏል። ገበያው ጋ ሲደርስ ሁለት ተማሪዎች ፖስተሩ ፊት ቆመው አገኘ። አንደኛዋ፣ «እሰይ፣ የእጁን ነው ያገኘው። ሰካራም ሁላ» ስትል በተከፈተው በር በኩል ሰማት።

የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ ቁልፉን ነቅሎ ወረደ። ልጆቹን ምንም አላላቸውም። ፖስተሩን በጥፍሩ ሊልጠው ሞከረ፤ ሙጫው አልላቀቅ ሲለው በቁልፉ ይፍቀው ገባ። ተሳፋሪው በየመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ያየዋል። «ሰውዬውን ነካ አደረገው እንዴ?» ይላል አንዱ። «ሥራ ረፈደብን እኮ» ይላል ሌላው። አንድ ጎረምሳ በስልኩ ይቀርጸዋል። ሹፌሩ የልጁ ፊትና ቀዩ ጽሑፍ ያለበትን ቁራጭ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና፣ ተመልሶ ተሳፋሪውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ፌርማታ አደረሰ። እሱ ጋራዥ ሳይገባ ቪዲዮው አለቃው ዘንድ ቀድሞት ነበር። «ነገሩ እስኪጣራ ቤትህ አረፍ በል» ተባለ።

ልጁን የሰፈሩ ሰው ቀጭኔ ነው የሚለው፤ ከቁመቱ የተነሣ በየበሩ ጎንበስ ሳይል አይገባም። ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ ሽታው ራሱ ያቅለሸልሸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር መጠጥ ቤት ሲቀመጥ ለስላሳውን ይዞ ይስቃል፤ እነሱም «ጡጦህን ጨረስክ?» እያሉ ያሾፉበታል። ሲሰክሩ ግን ደግፎ በየቤታቸው የሚያደርሳቸው እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠብ ተነሣ። ቀጭኔ ሊገላግል መሐል ገባና ጠርሙስ ጭንቅላቱ ላይ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ ንግግሩም እየተቆራረጠ በመከራ ነው የሚወጣው። ማን እንደመታው ፖሊስ ሲጠይቀው «አላየሁም» አለ። ጓደኞቹም «ግርግር ነበር» አሉ። ፋይሉ በዚያው ተኝቶ ቀረ። አሁን ያ ልጅ በየፌርማታው ሰካራም ሆኖ ተሰቅሏል።

ሹፌሩ ከጋራዥ በቀጥታ የወጣቶች ጽሕፈት ቤት ሄደ። ኃላፊዋ መልካም ሴት ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችው፣ ውሃም አስመጣችለት። መልካምነቷ ይበልጥ ቆሽቱን አሳረረው።

«አባቴ፣ ይረጋጉ። ዓላማችን ወጣቱን ማዳን ነው። ይህ ፖስተር ስንቱን እንዳስለቀሰ ቢያዩ።»

«ልጄ አይጠጣም።»

«እሱማ እንደ ምሳሌ ነው እኮ። ሰው የሚያየው መልእክቱን ነው።»

«ሰው የሚያየው ልጄን ነው። እኔ የምለው፣ ማን ፈቀደላችሁ?»

ኃላፊዋ ብዕሯን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች። «ተወዳዳሪው ቤተሰቡ እንደፈቀደለት ነግሮናል።»

«ቤተሰቡ እኔ ነኝ። ሌላዋ ቤተሰብ እናቱ ናት፤ ማልዳ ተነሥታ እንደ ሕፃን ታጥበዋለች። የትኛችንን ነው የጠየቀው?»

መዝገብ ገለጠች። የተወዳዳሪውን ስም ስትነግረው ሹፌሩ ደጋግሞ አስጠራት። ሰፈሩ ብሩሽ የሚለው ልጅ ነው። ማስታወቂያ ጸሐፊው ብሩሽ፤ ከቀጭኔ ጋር አብሮ ያደገው፤ ከሹፌሩ ገበታ ስንት ዘመን የበላው። ሆስፒታል በየቀኑ እየመጣ አልጋው ግርጌ ቆሞ ያለቀሰውም እሱ ነው። በስልኩ ፎቶ ሲያነሣ እናትየዋ «ምን ያደርግልሃል?» ብትለው፣ «መምጣት ላልቻሉት ጓደኞቻችን ላሳያቸው ነው» ብሏት ነበር።

የብሩሽ ሱቅ ከጎማ ቤቱ ጀርባ ናት። ሹፌሩ ሲገባ ብሩሽ የፋርማሲ ማስታወቂያ ላይ ጎንበስ ብሎ አረንጓዴ ቀለም እየቀባ ነበር። ከራስጌው የሽልማት ወረቀቱ በመስታወት ተሰቅሏል። አባትየውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልጄን ሰካራም አደረግኸው» አለ ሹፌሩ።

«አባባ፣ ለክፉ አስቤ አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ መጠጥ አልቀመስኩም። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም። ሌላው እንኳ ይማርበት ብዬ ነው።»

«እንዲማርበት ከሆነ የመቺውን ፊት ለምን አልለጠፍክም? እዚያው ነበርክ። ታውቀዋለህ።»

ብሩሽ ጨርቅ አንሥቶ ጣቶቹን ይጠርግ ጀመር። ቀለሙ ከለቀቀም በኋላ መጥረጉን አላቆመም።

«አንተን እኮ ነው። ለምን አልለጠፍከውም?»

«አልቻልኩም።»

«ለምን?»

«የራሴን ፊት እንዴት ልለጥፍ፣ አባባ?»

ሹፌሩ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው አንድ እርምጃ ቀረበው። ብሩሽ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ቁጭ ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ያወራል፤ ጠቡ የተነሣው በወንበር ነው፤ የሰነዘረው ወንበሩን በወሰደበት ሰው ላይ ነበር፤ ቀጭኔ ከየት መጣ ሳይባል መሐል ገባ። «አይቶኛል፤ ያውቃል። ሆስፒታል ስመጣ በደኅናው እጁ ጣቱን አፉ ላይ አደረገልኝ። ዝም በል ማለቱ ነበር። ዝም አልኩ።»

«ዝም ብትልማ ጥሩ ነበር» አለ ሹፌሩ። ድምፁን ራሱም አላወቀውም። «ዝም ሳትል ቀርተህ ነው እንጂ። ስካርህን አውልቀህ ለእሱ አለበስከው፤ ተሸለምክበትም።»

አንገትጌውን ጨምድዶ አነሣውና ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። ብሩሽ አልታገለም፤ እጆቹን እንኳ አላነሣም። የሹፌሩ ቡጢ ተጨብጦ ቆይቶ ቆይቶ ተፈታ። ለምን እንደለቀቀው በኋላም መናገር አልቻለም። አዝኖለት ግን አልነበረም።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ልብስ ታጣጥፋለች፤ ቀጭኔ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ሐኪሙ ያዘዘለትን የላስቲክ ኳስ በቀኝ እጁ ሊጨብጥ ይታገላል።

«ታውቅ ነበር» አለው ሹፌሩ ገና ከበሩ። «ብሩሽ እንደመታህ ታውቅ ነበር።»

ሚስቱ የያዘችው ሸሚዝ ከእጇ ወደቀ። ቀጭኔ ወደ አባቱ ዞረ።

«አባዬ… ጓ… ጓደኛዬ ነው። አውቆ… አይደለም።»

«አውቆ አይደለም? እናትህ ወገቧ የተቆረጠው አውቆ ስላልሆነ ነው? እኔ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ስለምን ነው የከረምኩት፣ አንተ እያወቅህ?»

«ተው በቃ፤ ልጁን አታስጨንቀው» አለች እናት። እሷም ግን ዓይኗን ከልጇ ላይ አልነቀለችም፤ ዓይኗ ውስጥ የነበረው ርኅራኄ ብቻ አልነበረም።

ሹፌሩ ከደረት ኪሱ ቁራጩን አውጥቶ ዘረጋና ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። ይህን ሊያሳየው አላሰበም ነበር፤ ቁጣው ነው የቀደመው። ቀጭኔ መጀመሪያ ፊቱን አየ። ከዚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ።

«ማ… ን?»

«ያው ጓደኛህ።»

ቀጭኔ በደኅናው እጁ ኳሱን አንሥቶ ከፊት ለፊቱ ካለው ግድግዳ ጋር አላተመው። ከተጎዳ ጀምሮ ተቆጥቶ አያውቅም ነበር፤ ሐኪሞቹን ሁሉ ያስደነቀው ትዕግሥቱ ነው። አሁን አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገታትሮ ወጣ።

«መም… መምታቱን… ትቼለታለሁ። ይህን ግን… አልተውለትም።» አንዲቷን ቃል ከሌላዋ ለማገናኘት ሲታገል ላብ አጠመቀው። «ፖሊስ ጋ… ውሰደኝ።»

«ነገ በጠዋት ትሄዳላችሁ» አለች እናቱ።

«ዛሬ» አለ ቀጭኔ። ይህችኛዋ ሳትቆራረጥ ወጣች።

መርማሪው የቸኮለ ሰው ነበር። ቀጭኔ አንድ ቃል ጀምሮ ቀጣዩን ሲፈልግ፣ እሱ ቀድሞ ይሞላለታል። «ጠርሙሱን… » ሲል «ወረወረው» ብሎ ይጽፋል፤ ቀጭኔ ራሱን ነቅንቆ ያሰርዘዋል። «እኔ… » ሲል ደግሞ «ሰክሬ ነበር?» አለው መርማሪው፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

ሹፌሩ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። አልጮኸም። «ወንድሜ፣ አፍ አለው። ጀምሯል፤ ይጨርስ።»

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። ቀጭኔም ጨረሰ። ብዙ ፈጀ፤ በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሰልችቷቸው ወጥተው ገቡ። ግን የወንበሩን ጠብ፣ የጠርሙሱን አሰነዛዘር፣ የብሩሽን ስም፣ ለስላሳ ብቻ ጠጥቶ እንደነበር ሁሉንም በራሱ አፍ ተናገረ። በግራ እጁ ሲፈርም ፊርማው እንደ ልጅ ጽሕፈት ተንጋደደ።

ብሩሽ አልካደም። ፍርድ ቤት ቆሞ ሁሉንም አመነና ታሰረ። ጽሕፈት ቤቱ ሽልማቱን ሰርዞ ፖስተሮቹን አስነሣ፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከማንም አፍ አልወጣም። ሹፌሩ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ወደ ሥራው ተመለሰ። መሐላ የፈጸመ ይመስል ብሩሽን በአፉ አንሥቶ አያውቅም። ሰዎች «እንግዲህ ፍርድህን አገኘህ» ሲሉት ፊቱን ያዞራል፤ ቀጭኔ አሁንም የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ የሰው እጅ ይፈልጋልና።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ እስር ቤቱ ባለበት መስመር ሲነዳ፣ አንዲት ሴት ስንቅ የያዘ ዘንቢል አንጠልጥላ ልትሳፈር ደረጃው ላይ ወጣች። የብሩሽ እናት ነበረች። ሹፌሩን ስታየው አንድ እግሯ መሬት ላይ፣ አንድ እግሯ ደረጃው ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። ልትመለስ ፈለገች፤ ከኋላዋ ያለው ሰው ግን ይገፋታል።

ሹፌሩ ፊት ለፊቱን እያየ፣ «ይግቡ» አለ፤ ድምፁ ሻካራ ነበር። «በሩን ልዝጋ።»

ገባች። ከእሱ ጀርባ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ አልተቀመጠችበትም። ወደ ኋላ ሄዳ ብረቱን ይዛ ቆመች። እሱም ጥርሱን እንደነከሰ፣ ሰላምታ ሳይሰጣት፣ በመስታወቱ አንዴም ሳያያት፣ እስር ቤቱ በር ድረስ ነዳ።