ያልተከፈተ አፍ

ድንጋይ ጠራቢዋ ሶላንዥ የመምህሯን የአንሴልምን ፊት ለካቴድራሉ አሸንዳ ጫፍ ስትቀርጽ የብርዱን ወራት ሙሉ ሳቀች። ጆሮውን የሌሊት ወፍ፣ አንገቱን የውሻ አደረገችው፤ ጉንጩና አፍንጫው ግን ቁርጥ እሳቸውን ነበር። አፉ ገና ድፍን ነው። በዚያ ከተማ ጠራቢዎች ልማድ፣ ዝናቡ የሚወጣበትን አፍ የሚከፍተው ፊቱ የተቀረጸለት ሰው ራሱ ነው። መሮውን የድንጋዩ ከንፈር ላይ ይደግንና የመጨረሻዋን መዶሻ ያሳርፋል፤ ሌሎቹ ወይናቸውን ይዘው እየከበቡ ለቀልድ ይሰድቡታል።

«መቼ ነው የምትጠሪኝ?» ይሏት ነበር አንሴልም። «አርባ ዓመት የድንጋይ አፍ ስከፍት ኖሬ የራሴን ሳልከፍት ልሙት?»

«የእርስዎ ደግሞ መቼ ተዘግቶ ያውቃል ጋሼ!»

በመጋቢት አንሴልምን ስትሮክ መታቸው። ከሆስፒታል ሲወጡ የአፋቸው ግራ ጎን ተንጠልጥሎ፣ ለሃጫቸውን በመሀረብ ይጠርጉ ነበር። ሶላንዥ ወደ ሥራዋ ተመልሳ ድንጋዩን አየችው። በዘነበ ቁጥር ከዚያ ፊት አፍ ውሃ ሊዝረከረክ ነው። ከተማው ቀና ብሎ ሲስቅ ታያት። ለማንም ሳትናገር አፉን እንደተደፈነ ትታ የውሃውን ቦይ ከአገጩ ሥር አወጣችው። ድንጋዩም ተሰቀለ።

ለሥራው የቆመው የእንጨት መወጣጫ ሊፈርስ ሁለት ቀን ሲቀረው አንሴልም ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡ። መዶሻቸው ከካፖርታቸው ኪስ ብቅ ብሏል። እያካፋ ነበር። ቀና ብለው ብዙ አዩ።

«በአገጬ ነው እንዴ የምሸናው?» አሉ፣ ቃሉ እየተኮላተፈባቸው።

«ጋሼ... ሰው እንዳይስቅብዎት ብዬ ነው።»

«ይሳቅብኛ! ሊሳቅበት አይደል እንዴ የሠራሽው?» አፋቸውን ጠረጉ። «እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ስትጠሪኝ እጠብቃለሁ። ጠዋት ጠዋት መዶሻ መጨበጥ ስለማመድ ነበር።»

ሶላንዥ የመወጣጫውን መሰላል በሩጫ ወጣች። መሮዋን ከንፈሩ መሀል ደግና፣ በመዶሻዋ እጀታ አገጩን ቀስ አድርጋ አንኳኳችው። ባዶ ድምፅ ሰጣት። ከሥር የበሳችው ቦይ ድንጋዩን አቅጥኖታል፤ አፉ ከተከፈተ መንጋጋው ተገንጥሎ ይወድቃል። የድንጋይን ድምፅ መለየት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እሳቸውም ከታች ሆነው ሰምተዋል።

ወደ ታች አየች። አንሴልም ምርኩዛቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው በደህናው እጃቸው «ተይው፣ ውረጂ» ይሏታል። ሶላንዥ ግን መሮውን ከከንፈሩ ማንሳት አቃታት።