አንድ ካባ ለሁለት ልክ

የፍርድ ቤቱን ካባ ሠላሳ ዓመት የሰፋው ሽማግሌ፣ የዳኛ ትከሻ አንዴ ከለካሁ የሰውየውን ጠባይ አውቀዋለሁ እያለ ይፎክር ነበር። ውሸቱን ነው። የሚያውቀው የትከሻውን ስፋት ብቻ ነበር፤ ይሄን ለማወቅ ደግሞ ያ ሁሉ ጣጣ ሊመጣበት ግድ ሆነ።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ከላይ ደብዳቤ ይመጣል፤ እገሌ ተሹሟል፣ ልኩን ውሰድ ይባላል፣ ይወስዳል። ማን ይሾም ብሎ የጠየቀው የለም። ዘንድሮ ግን ሕጉ ተለወጠና ዳኛውን የከተማው ሰው በድምፁ ይምረጥ ተባለ። ምርጫው እሁድ፣ ቃለ መሐላው ሰኞ ጠዋት። አንድ ካባ በደንብ ከተሰፋ አራት ቀን ይፈልጋል። ከንብረት ክፍል የተላከለት ጥቁር ጨርቅ ደግሞ ለአንድ ካባ ብቻ የሚበቃ ነው። እንግዲህ ረቡዕ መቁረጥ አለበት ማለት ነው፤ በማን ልክ?

ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ስድስት ዓመት በሹመት የዳኘችው፣ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ቀጭን ሴት ናት። ከተማው «ገጽ ስንት» ይላታል። ፊቷ ቆሞ ለሚያለቅስ ባለጉዳይ እንኳ፣ «ያሉት ነገር መዝገቡ ላይ ገጽ ስንት ነው?» ብላ ስለምትጠይቅ ነው። ሁለተኛው ግዙፍ ጠበቃ ነው፤ እሱን ደግሞ «አይዞህ» ይሉታል። ያገኘውን ሁሉ አቅፎ፣ ጀርባውን ደብድቦ፣ አይዞህ ሳይለው አይለቅም። ለቅሶ ቤትም፣ ሠርግ ቤትም፣ አውቶቡስ ፌርማታም ላይ።

ሽማግሌው ከሁለቱም ጋር ጉዳይ ነበረው። ልጁ ከባሏ ተፋትታ እሱ ቤት ከገባች ዓመት ሊሞላት ነው። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጁ አንድ ሳምንት እናቷ ጋ፣ አንድ ሳምንት አባቷ ጋ ትከርማለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መቀባበል ነው። ከማን ጋር ትደግ የሚለው መዝገብ «ገጽ ስንት» ጠረጴዛ ላይ ነበር። ውሳኔው ከምርጫው በኋላ ባለው ሐሙስ ይነበባል ተብሏል። ልጅቷ ሽማግሌው ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ከበሩ ሥር ታስቀምጣለች፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ልብሷን ሰቅላ አታውቅም፣ ካልሲ ስትፈልግ ከቦርሳው ትመዛለች። ልጅቷ እዚህ ትሁንለት፤ ሌላ የሚለምነው ነገር አልነበረውም።

ሰኞ ዕለት ዳኛዋን ሊለካ ቢሮዋ ሄደ። ሜትሩን ትከሻዋ ላይ እንደዘረጋ አላስቻለውም።

«ክብርት ዳኛ፣ የልጄ ነገር...»

«እጄን ልዘርጋ?» አለችው።

«ይዘርጉ። የልጄ ነገር እንዲያው...»

«መዝገቡን እያነበብኩት ነው፣ ጋሼ። እዚህ ካወራንበት ግን ለሌላ ዳኛ መስጠት አለብኝ፤ ያኔ ከዜሮ ይጀመራል። የእጅጌውን ርዝመት ይለኩልኝ።»

ለካ። ሲወጣ፣ «ድንጋይ!» አለ በሆዱ።

ማክሰኞ «አይዞህ» ራሱ ወደ ሱቁ መጣ። ደረቱን ሲለካው ሜትሩ ሊያልቅ ምንም አልቀረው፤ ሽማግሌው ዛፍ እንዳቀፈ ሰው ጉንጩ ከሰውየው ሆድ ጋር ተጣበቀ። እዚያው እንዳለ ድምፅ ከላይ መጣ።

«የልጅዎን ነገር ሰምቻለሁ፣ ጋሼ። ልጅ ከእናቷ ጋር ነው እንጂ ከማን ልትሆን ነው? ይሄ ምን ጥያቄ አለው! አይዞዎት!»

ሽማግሌው ሜትሩ ከእጁ ወደቀበት። ረቡዕ ማለዳ ጨርቁን ዘርግቶ፣ በጠመኔ አስምሮ፣ በትልቁ ልክ ቆረጠ። አሥር ጊዜ ለካ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚለውን ምክር ለስንቱ ተለማማጅ እንዳልሰጠ፣ ሰው ሳይመረጥ ካባ ቆረጠ።

ማታ እራት ላይ ልጁ ሰማችና ማንኪያዋን አስቀመጠች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ የሌላውን ሰው መድኃኒት ሦስቴ ሳታነብ የማትሰጥ ሴት ናት።

«አባዬ፣ ሰውየው መዝገቡን ሳያነብ እንዴት አወቀ?»

«ያውቃላ! ሕዝብ የሚመርጠው ዳኛ የሕዝብ ሆድ ያውቃል። ያንቺዋ ቀጭን በደብዳቤ የወረደች ናት። የወንድሜን ሱቅ ያሳሸገው ዳኛ የሿሚው የእህት ልጅ አልነበረም? ማን ጠየቀው? ማን አወረደው? ይሄኛው ካጠፋ በአራት ዓመት ድምፃችንን ነስተን ቁልቁል ነው!»

«እሱስ ልክ ነህ» አለች። የአጎቷን ሱቅ አልረሳችም። «ግን እሷ አንብባዋለች።»

«አንብባ ብትፈርድብንስ?»

ማንኪያዋን መልሳ አነሳች። መዝገቡ ውስጥ የልጅቷ አስተማሪ የጻፈችው ደብዳቤ አለ፤ ልጅቷ ከአባቷ ቤት ስትመጣ ቀድማ ትደርሳለች፣ ከእናቷ ቤት ስትመጣ ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች ይላል። የአባትየው ቤት ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ እናትየው ደግሞ የአዳር ተራ አላት። ሁለቱም ገጽ ስንት ላይ እንዳለ ያውቁታል። ሽማግሌው ከጠረጴዛው ተነሳ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ።

ቅዳሜ የቀድሞው አማቹ ልጅቷን ይዞ ሱቁ መጣ። የሰፈሩን የእግር ኳስ ቡድን የሚያሠለጥን፣ ሰው የሚወደው፣ እውነቱን እንናገር ካልን ሽማግሌውም የማይጠላው ሰው ነው። ልጅቷ ቦርሳዋን ከበሩ ሥር አኖረች። እሱ የተወጠረውን ካባ አየና ፈገግ አለ።

«በዚህ ስፋትማ የ‹አይዞህ› መሆን አለበት። አሳምረው ይስፉለት፣ ጋሼ። ደግ ሰው ነው። ልምምድ ሜዳ ድረስ መጥቶ፣ ‹የአባትን ፍቅር ምን ይተካዋል፣ ልጅቷ ካንተ ጋር ነች፣ አይዞህ› አለኝ። ቡድኑ በሙሉ ሊመርጠው ነው።»

መርፌው ሽማግሌው ጣት ውስጥ ገባ። ደሙ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ እንዳይነካ እጁን አራቀና፣ «እሺ... መልካም» አለ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ሰውየው ግን ወጥቷል፣ አንዱን እግሩን ያቆመው ደግሞ በሽማግሌው ትከሻ ላይ ነው።

ያን ቀን ጠረጴዛውን ሲዞር ዋለ። ጨርቁ አልነበረም የያዘው፤ ሰፊ ይጠባል፣ ጠባብ ነው የማይሰፋው። ሁለት ሰዓት ቁጭ ቢል ካባውን ለቀጭኗ ማጥበብ ይችላል። አማቹ ያለውን ለልጁም አልነገራት፤ ነገ ድምፄን ለ«ገጽ ስንት» እሰጣለሁ፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል ብሎ ወሰነ። ሰው ያለቦታው የዋለ ቁልፍ ፈትቶ መልሶ እንደሚሰፋው ሁሉ፣ ይሄም ይታረማል ብሎ አሰበ።

እሁድ ጠዋት ረጅም ሰልፍ ተሰልፎ መጋረጃው ውስጥ ገባ። በክር የታሰረ እስክሪብቶ አለ፣ ሁለት ፎቶ ያለበት ወረቀት አለ። እስክሪብቶውን ቀጭኗ ፊት አጠገብ አድርሶ ነበር፤ ያስተማሪዋ ደብዳቤ ትዝ አለው። አንብባዋለች። አንብባ ብትፈርድብንስ? ያ ሌላው ደግሞ ለአማቼ ቢናገርም፣ ቀድሞ የነገረው ለኔ ሳይሆን ይቀራል? ሰው አፉ ለሁሉ ይላል፣ ልቡ ለአንዱ ነው፤ ልቡ ለእናት ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ እያለ ራሱን ሸነገለና ትልቁ ፊት አጠገብ ምልክት አደረገ። ወረቀቱን አጥፎ ኮሮጆው ውስጥ ከተተ።

«አይዞህ» በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ብልጫ አሸነፈ።

ሰኞ ካባው ልክክ አለለት። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እንዴት ያለ ስፌት ነው ያሉም ነበሩ። ሽማግሌው የሙያውን ሙገሳ ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጣመውም።

ሐሙስ ችሎት ተሰየመ። አዲሱ ዳኛ መዝገቡን ገልጦ ቀና ሲል በግራ በኩል ሽማግሌውንና ልጁን አየ። በቀኝ በኩል አሠልጣኙንና የቡድኑን እኩሌታ አየ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። መዝገቡን ከደነው።

«ጉዳዩ በጥልቀት መታየት ስላለበት ለሌላ ቀን ተቀጥሯል። አይዟችሁ።»

በሌላውም ቀን ተቀጠረ። በሦስተኛውም። እያንዳንዱ ቀጠሮ «አይዟችሁ» አለው፤ ፍርድ ግን የለውም። ለአንዱ ቢፈርድ የሌላውን ሰፈር ድምፅ ያጣል፤ ሳይፈርድ ሲቀር ግን ሁሉም ተስፋ እንዳደረገ ይቆያል። ልጅቷ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ቅዳሜ ትሄዳለች።

በአራተኛው ወር «ገጽ ስንት» ቀሚስ ልታሳጥር ወደ ሱቁ መጣች። አሁን ከፍርድ ቤቱ ማዶ ጠባብ የጥብቅና ቢሮ ከፍታለች። ሽማግሌው ተንበርክኮ የቀሚሱን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ እየያዘ፣ ቀና ሳይል ጠየቃት።

«ያ የልጄ መዝገብ... ያኔ ጀምረውት ነበር?»

«ጽፌ ጨርሼው ነበር፣ ጋሼ። ምን እንደጻፍኩ አይጠይቁኝ፤ ልነግርዎ አልችልም።»

አልጠየቃትም። ብትፈርድበት እንኳ ልጅቷ ይሄኔ አንድ ቤት ልብሷን ሰቅላ ነበር። እሱም እሁድ እሁድ ከረሜላ ይዞ ይጠይቃት ነበር። አልቅሶ ይወጣለት ነበር። የቀሚሱን ጫፍ ሁለቴ አጣሞ ያዘ።

ቅዳሜ ልጅቷ ስትመጣ ቦርሳዋን ከበሩ ሥር አነሳና ቁም ሣጥኑ ጋ ወሰደው። የደንብ ልብሷን፣ ሹራቧን፣ ያቺን ቢጫ ቀሚሷን አንድ በአንድ ሰቀለ። እሷ የበሩ ደፍ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«አባባ፣ ዳኛው ቤቴ የት ነው አለ?»

«አይዞሽ» አለና አፉን ያዘ። ቃሉ ከራሱ አፍ መውጣቱን ሲሰማ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «አላለም፣ ልጄ። ዳኛው ፈራ። የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ሌላ ምረጥ።»

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ያስቸግራል ሊላት ፈልጎ ተወው፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ተረት የሚሆን አልመሰለውም። «አራት ዓመት መጠበቅ አለብን» አላት።

ልጅቷ ጣቷን አውጥታ ቆጠረች። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ። ከዚያ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች፤ ልብሶቿን ከመስቀያው አወረደችና በድሮው እጥፋታቸው አጣጥፋ ወደ ቦርሳው መለሰቻቸው።