ለአባትሽ እንዳትነግሪ

ሴትዮዋ መጻፍ ከጀመረች ወዲህ ቤቱ ወረቀት ለብሷል። የጎልማሶች ትምህርት መምህሯ «የተማራችሁትን ፊደል ቤታችሁ ውስጥ አኑሩት» ስላሏቸው፣ በሩ ላይ «በር»፣ ወንበሩ ላይ «ወንበር»፣ ባልዲው ላይ «ባልዲ» ብላ ለጥፋለች። ባሏ ከመጋዘን ሥራው ሲመለስ እየዞረ ያይና ይቀልድባታል።

«የኔታ፣ እኔስ ግንባሬ ላይ ምን ልትለጥፊብኝ ነው?»

«‹ሰነፍ› ብዬ ነዋ!»

ሰነፍ ማለቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። ትምህርቱን አብረው ሊጨርሱ ተማምለው ነበር የጀመሩት። እሱ ግን ሦስት ሳምንት ሳይሞላው፣ አንድ ቀን ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲደናቀፍ ክፍሉ ሳቀበትና «ሽበት አብቅዬ የሰው መሳቂያ አልሆንም» ብሎ ቀረ። እሷ ቀጠለች። ቀኑን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ ውላ፣ ክንዷ እንደ ዛለ፣ ዓመት ከሦስት ወር ተመላለሰች።

በዚህ የተነሳ የቤቱ ዓይን እሷ ሆነች። የሰፈር ማስታወቂያ ሲመጣ፣ መድኃኒት ሲገዛ፣ ባሏ «እስቲ አንብቢልኝ» ብሎ ያቀብላታል። ጉንጩን በእጁ ደግፎ፣ እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ያዳምጣታል። አንድ መስመር ለመጨረስ ላብ ላብ ሲላት አይቸኩልም። ስትጨርስ «ጎሽ የኔታ!» ሲላት፣ ቁመቷ አንድ ክንድ የሚጨምር ይመስላታል።

ጭንቀቷ ልጇ ነበረች። ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስልክ ከእጇ አይወርድም። ጌም ዓይን ያጠፋል፣ ጭንቅላት ያደነዝዛል ሲባል ስለሰማች፣ እናት አንድ ቀን እራት ላይ አዋጅ አወጀች። «ጌም የሚባል ነገር በዚህ ቤት እንዳላይ!» ልጅም አባትም እኩል «እሺ» አሉ። ምን ዋጋ አለው፣ እሺ ያለ ሁሉ አይታዘዝ።

የማንበብ ፈተናው ቀን ሲደርስ ለማንም አልተናገረችም። ብትወድቅስ? በዚያ ሁሉ «ጎሽ» ላይ ወድቃ በምን ዓይኗ ባሏን ታየዋለች? ልጇ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንዳትጨነቅ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ ላይ እንዲህ ብላ ለጠፈች።

«ልጄ ዛሬ ፈተና አለኝ። እቆያለሁ። ምግቡን አሙቂ። ለአባትሽ እንዳትነግሪ።»

የለጠፈችው ልክ በባሏ ዓይን ትይዩ ነው። ምን አስጨነቃት? ለእሱ የበሩ ወረቀትና የበሩ ቀለም አንድ ናቸው።

ልትፈተን ስትል እህቷ ደወለች። «ልጅሽ እኔ ጋ ናት፤ ዝናቡ ሲያባራ እልካታለሁ።» እሰይ ብላ ስልኳን ዘጋች። ከዚያ መምህሯ አንድ ገጽ ሰጧት። መስመሩን በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው ነጥብ አነበበችው። «አልፈሻል» አሏት። ደረጃውን ስትወርድ ለባሏ እንዴት እንደምትነግረው እያሰበች ነበር። መጀመሪያ አኩርፋ ትገባለች፤ «ምን ሆንሽ?» ሲላት ዝም ትላለች፤ ከዚያ...

ባሏ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል።

«እህስ፣ ፈተናው እንዴት ሆነ?»

በዚህ ዝናብ ሊወስደኝ መጣ ብላ አንጀቷ ራሰ። ጃንጥላው ሥር ገባች። ሦስት አራት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ቆመች።

«የምን ፈተና?»

«ያው... ልጅቷ...»

«ልጅቷ እህቴ ቤት ናት። ማን አነበበልህ?»

ጃንጥላው ተንጋዶ ውሃው ትከሻዋ ላይ ወረደ።

«አንተን እኮ ነው! ማን አነበበልህ?»

«ራሴ» አለ፣ ጫማውን እያየ።

ክው አለች። ቤት እስኪደርሱ ድረስ ከጃንጥላው ውጭ ሄደች።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ልጅቷ መጥታ ነገሩን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። «እማዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያስጀመርኩት» አለችና ስልኳን አወጣች። ጌሙ የባቡር ጣቢያ ነው። መንገደኞች ይመጣሉ፤ መሄድ የሚፈልጉበት ቦታ ጭንቅላታቸው ላይ በአማርኛ ይጻፋል። ተጫዋቹ ቶሎ አንብቦ ወደ ባቡራቸው ካልላካቸው፣ መንገደኞቹ በንዴት ቀልተው ቲማቲም ይመስላሉ።

«አባዬ መጀመሪያ አንዱንም አይልክም ነበር። አሁን ሠላሳ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ነው።»

«ስንት ጊዜው ነው?»

«ሰባት ወር» አለ ባል። «እዚያ ክፍል ስሳሳት ሰው ይስቅብኛል። እዚህ ብሳሳት ‹እንደገና ሞክር› ይለኛል። መቶ ጊዜ ብሳሳት መቶ ጊዜ ይለኛል። ማንም አያየኝም። መጋዘንም ከሸክም አውጥተው የሳጥን ጽሑፍ አንባቢ ያደረጉኝ በዚሁ ነው።»

«ለወገብህ አዝነው ነው አላልከኝም? አለቃህን ስመርቅ አልከረምኩም?»

«ጌም በዚህ ቤት እንዳላይ ያልሽው አንቺ ነሽ። ደግሞ... ስታነቢልኝ ደስ ይልሽ ነበር። ደስታሽን ልንጠቅሽ?»

ይህ ነው የወጋት። ጌም መጫወቱን ይቅር ማለት ይቻላል፤ መማሩማ እልል ያሰኛል። ግን ያ ጉንጭ ደግፎ ማዳመጥ! እሷ በላብ እየተጠመቀች ፊደል ስትቆጥር፣ እሱ ቀድሞ ጨርሶ እየጠበቃት ነበር። ጎሽ ሲላት የኖረው እንደ ባል አልነበረም፤ አዋቂ ለሕፃን እንደሚለው ነበር።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ» አለች። «ብትቀድመኝ አይከፋኝም ነበር። አብረን አልነበር የተማማልነው? ልጄንም አስተባበርክብኝ።»

«የኔታ...»

«እንዳትለኝ!»

ፈተናው እንዴት እንደሆነ ዳግም የጠየቃት የለም። እሷም አልተናገረችም።

በማግሥቱ ጠዋት ባል ሊወጣ ሲል በሩ ላይ አዲስ ወረቀት አገኘ። ወጥ ቤት ሆና ዕቃ የምታጥበው ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ እንደሆነ ቆሞ በዓይኑ አነበበው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ከተጋቡ ጀምሮ እሷ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ፣ ጮክ ብሎ አነበበላት።

«ልጄ ፈተናውን አልፌያለሁ። ለአባትሽ ንገሪው።»

አንዲት ፊደል ላይ እንኳ አልተደናቀፈም። ከእሷ ይፈጥናል።

ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ ደግሞ ቢያነበው እንዳትሰማ።